ደስታን ላኩልኝ

ጎሽ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ስለዚህ ትርንጎ ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ቤቷን በር ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ዓይኗን ጨፍና ማዳመጥ ነበር፤ ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ሜዳውን ሸፍኖ ስለሚያረፍድ ዓይን ቢገለጥም ባይገለጥም ያው ነው። ከጭጋጉ ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት ጎሽ ሣር ሲነጭ አሮጌ ሸማ በቀስታ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ በመሀሉ ጅራት ጎን ሲመታ፣ ጥጃ እናቱን አጥቶ ሲያጉረመርም፣ ከባድ ሰኮና ከጭቃ ሲላቀቅ ይሰማል፤ ከድምፁ ኋላ ደግሞ የእበቱና የእርጥብ ቆዳው ሽታ፣ ሞቅ ያለና ወፈር ያለ፣ እስከ በሩ ድረስ ይደርሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ወደ አልጋው ይመለስ ነበር። እሷ ግን የምትፈልገው ሳል ነው። ሳል ካልሰማች ሻይዋን ትጥዳለች።

ዶክተር ትርንጎ የዳሞት ልጅ ናት። ወደዚህ ቆላ የመጣችው ከአራት ዓመት በፊት፣ መንጋው በገንዲ በሽታ ተመቶ ስልሳ አንድ ጎሽ ብቻ ሲቀር ነው። መቼም የጎሽ ሐኪም መሆን እንደ ላም ሐኪም መሆን አይደለም። ላምን ቀንዷን ይዞ፣ አፍንጫዋን ጠምዝዞ፣ "እረፊ" ብሎ ይወጓታል፤ ጎሽን "እረፊ" ያለ ሰው ሬሳው እንኳ ተለቅሞ አያልቅም። ስለዚህ ሥራዋ አብዛኛው ከሩቅ ማየት ነው፤ ማን እንዳነከሰ፣ የማን ፀጉር እንደቆመ፣ የማን እበት እንደቀጠነ ማየት። በጣም የጨነቀ ዕለት ብቻ የማደንዘዣውን ጠመንጃ አንሥታ አንዱን ታስተኛለች። አብረዋት የተማሩት ከተማ ገብተው የሰው ውሻ ሲያክሙ እሷ እበት በዘንግ እየበተነች ኖረች፤ እናቷም "የልጅ ልጅ ስጪኝ ስላት የጎሽ ጥጃ ትቆጥርልኛለች" እያሉ ለጎረቤት ያማርራሉ። ግን ስልሳ አንዱ መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል። ይህን ያደረገችው እሷ ናት፤ በሕይወቷ ከዚህ ሌላ "ይህ የእኔ ነው" የምትለው ነገር አልነበራትም።

ከእሷ ጋር የሚሠራው ሰው አንድ ነው፤ ጋሽ ኦይቻ ይባላል፣ የፓርኩ ጠባቂ። ስልሳ ዓመት አልፎታል፣ ዱካ ያነባል፣ ብዙ አያወራም። መንደሩ ከፓርኩ ኬላ ወዲያ ማዶ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ አሥራ አንድ ከብት አሉት። ስለ ቤተሰቡ የጠየቀው ሰው ካለ መጀመሪያ የላሞቹን ስም ይዘረዝርና ከዚያ ወደ ልጆቹ ያልፋል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ፣ ምንም በሌለበት ነው። ጭጋጉ ተገፎ፣ መንጋው እንደወትሮው ሜዳው ላይ ተበትኖ፣ እሷ መነጽሯን ይዛ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንድ ነገር ጎደለባት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፈጀባት። ወፎቹ የሉም። ከጎሽ ጀርባ ላይ ቆመው መዥገር የሚለቅሙት፣ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ የሚውሉት ወፎች አንድም አልነበሩም። በዛፎቹ ላይ ፈለገቻቸው። ወንዙ ዳር ፈለገቻቸው። ጋሽ ኦይቻን ስትጠይቀው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ "ወፍ የጠገበ እንደሆን ይሄዳል" አለ፤ ቆየት ብሎም "የፈራ እንደሆንም ይሄዳል" ብሎ ጨመረበት።

በሦስተኛው ቀን እመት አለቀሰች። እመት መንጋውን የምትመራው አሮጊት ናት፤ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ወደ ውሃ ስትሄድ መቶ አሥራ አንዱ ከኋላ የሚከተላት። ከዓይኗ የሚወርደው ዕንባ በጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶ እስከ አፏ ይደርስ ነበር። በማግስቱ የሚያለቅሱት ስድስት ሆኑ። ትርንጎ አንዲት ጊደር አደንዝዛ አስተኛችና ጋሽ ኦይቻ ጭንቅላቷን ደግፎላት አፏን ከፍታ አየች። ድዷና ምላሷ ላይ ፉርሽካ የተነሰነሰበት ይመስል ነጫጭ ቁስል ሞልቷል። ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ ጣፋጭ ነበር፤ በጣም የቆየ እርጎ ላይ ማር እንደፈሰሰበት ያለ፣ አፍንጫን የማያስነጥስ ግን ልብን የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭነት። ይህን አፍ ከዚህ በፊት አይታዋለች። ያየችው ግን በመጽሐፍ ላይ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ "ድሮ የነበረ" ተብሎ ነው።

አባ ሰንጋ ቢሆን ታውቀዋለች፤ አፍተግር ቢሆን ታውቀዋለች። ይህኛውን ግን ዓለም በሙሉ ጠፋ ብሎ መስክሮለታል። በሪፖርቷ ላይ "ምንነቱ ያልታወቀ" ብላ ጻፈች። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ማድረግ ያለበትን አደረገች፤ ከፓርኩ ወደ መንደሩ በሚወጣው ብቸኛ መንገድ ላይ ያለውን ኬላ ዘጋች። ሰውም ይሁን ከብት፣ ቆዳም ይሁን እንጨት፣ የእሷ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካልያዘ ንቅንቅ እንዳይል። በኬላው ያለው የሬዲዮ ሠራተኛ ክፍያለው ማኅተም ካየ አንበሳም የሚያሳልፍ፣ ማኅተም ካላየ የገዛ አባቱን የሚያቆም ሰው ነው፤ በዚህ በኩል አልሰጋችም።

ከላይ የመጣው መልስ አጭር ነበር። በሽታው ከተረጋገጠ መንጋው በሙሉ በጥይት ይወገዳል፤ ለማረጋገጥ ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከነመሣሪያው ይላካል። ባለሙያው በአሥር ቀን ውስጥ መርምሮ ነፃ ካላለው ተኳሾቹ ይመጣሉ። የባለሙያውም ስም ደስታ ነው። የአባት ስም የለ፣ ወንድ ይሁን ሴት የለ፤ ደስታ ብቻ።

"የሚመጣው ሰው ማን ነው አልሽኝ?" አለ ጋሽ ኦይቻ።

"ደስታ።"

ሽማግሌው የሚጠቀልለውን ገመድ አቁሞ ወደ ሜዳው ተመለከተ። "ሌላ ስም የለውም?"

ትርንጎ ለምን እንደጠየቃት ገብቷታል። በክፉ ቀን ጊዜ የአገሩን በሬ ጠርጎ፣ ሞፈር አሰቅሎ፣ ሰውን ለረሃብ የሰጠው የከብት በሽታ ስሙ ደስታ ነበር። ክፉ ነገር በክፉ ስም ሲጠሩት ይቆጣል፣ ባማረ ስም ሲጠሩት ግን አፍሮ በደጅ ያልፋል ብለው ነው የድሮ ሰዎች እንዲህ ያሉት። መጽሐፉ ላይም ከፎቶው ሥር በቅንፍ ተጽፎ አንብባዋለች፤ ያኔ ስቃ ነበር።

"ስም እኮ ነው ጋሽ ኦይቻ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰሙም?"

"መልአኩ የትኛው እንደሆነ ማን አየ" አለ። "በእኛ አገር ደስታ የምትባል ሙሽራ ስትመጣ በረቱን ሳታልፍ ስሟን እንለውጣለን። ከብት ባለበት አይጠራም። አንቺ ደግሞ የምትጠሪው በዚያ ነው" ብሎ በአገጩ ሬዲዮውን አሳያት። "ሩቅ ይሰማል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሬዲዮውን ትከፍታለች። "ኬላ፣ ኬላ፣ እዚህ ሜዳ። ደስታ መቼ ነው የሚመጣው? ደስታን ቶሎ ላኩልኝ።" ክፍያለውም ከከተማ በስልክ የተነገረውን ያቀብላታል፤ መኪና እየተፈለገ ነው፣ ደብዳቤ እየተፈረመ ነው። በሁለተኛው ቀን ሬዲዮውን ዘግታ ስትወጣ ሜዳው ፀጥ ብሎ ነበር። የሣሩ መቀደድ ቆሟል። አንድ ጎሽ ሳይሆን ሁሉም፣ አፋቸው ሣር እንደያዘ፣ ማኘክ አቁመው ነበር። ጥቂት ቆይተው ቀጠሉ፤ እሷም አውሬ ሸቷቸው ይሆናል ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ግን አወቀችው። ሬዲዮውን በር ላይ አውጥታ፣ ዓይኗን ከመንጋው ሳትነቅል፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ስኳር አወራች፣ ስለ ክፍያለው ጥርስ ሕመም ጠየቀች፤ ሣሩ ይቀደዳል፣ ጅራት ይመታል። "ደስታን ላኩልኝ" አለች። ድምፁ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። ከመቶ በላይ ጭንቅላት ከሣሩ ላይ ተነሣና በዝግታ፣ አንድም ሰኮና ሳይሰማ፣ ወደ ቤቷ ዞረ። ዓይናቸው ሁሉ ረጥቧል። ትርንጎ ፈራች፤ አራት ዓመት ከእነሱ ጋር ኖራ መጀመሪያ የፈራችው ያኔ ነው። ግን ምን ታድርግ? ባትጠራ ባለሙያው አይመጣም፤ ባለሙያው ካልመጣ ተኳሾቹ ይመጣሉ። ማታም ጠራች፣ በማግስቱም ጠራች።

በስድስተኛው ቀን አራት ጥጆች ሞቱ። ከዛፎቹ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ ተኝተው አገኘቻቸው፤ አፋቸው ክፍት፣ ዝንብ እንኳ ያልነካቸው፣ እናቶቻቸው ሳያሸቷቸው ጥለዋቸው የሄዱ። ጅብ ሌሊቱን በአጠገባቸው አልፎ ኖሯል፤ ዱካው እስከ ስምንት እርምጃ ቀርቦ ዞሮ ሄዷል። ጋሽ ኦይቻ ያንን ዱካ አሳያት። ማታ ክፍያለው በሬዲዮ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "የምሥራች ዶክተር፣ ደስታ ተነሥቷል" አላት።

ጋሽ ኦይቻ በር ላይ ቆሞ ሰማ። "ተነሣ አሉሽ?"

"ከከተማ ተነሣ ማለቱ ነው። መኪና አግኝቶ።"

"አያቴም የሰማችው እንዲሁ ነው" አለ። "በእነ እገሌ አገር ተነሣ ይባላል። መኪና ያኔ አልነበረም።" ከዚያ ወጥቶ ጨለማው ውስጥ ጫካው ጥግ ተቀመጠ፤ አላየችውም፣ ትንባሆው ብቻ ይሸታት ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ዝናብ ጣለ። እንዲያው ዝናብ ይበሉት እንጂ ሰማዩ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው፤ በእኩለ ቀን ቤቷ ውስጥ ፋኖስ ካልበራ እጅ አይታይም፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ ጆሮን ይደፍናል፣ ግድግዳው፣ ብርድ ልብሱ፣ ዳቦው ሁሉ ያንን ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ በሁለተኛው ቀን ደከመ፤ ሬዲዮው ጥቂት አጓርቶ ዝም አለ። ተኳሾቹ ሊመጡ የቀረው ሦስት ቀን ነበር። ትርንጎ የዝናብ ልብሷን ደርባ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ መንጋው ከፊት ለፊቷ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ እንደ ጥቁር ክምር ተኝቷል። በሕይወት ያለውን ከሞተው ለመለየት ትንፋሽ መፈለግ ነበረባት፤ እሱንም በሚገባ አላየችውም። እንዲህ ስታይ ቆይታ፣ ከተኙት ጎሾች መሀል አንድ ሰው ተነሣ።

ሲገባ አላየችውም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ እጁ ባዶ ነው፣ ጎሾቹን እንደ ቤት ዕቃ በእጁ እየገፋ በመካከላቸው ወደ እሷ መጣ። አንዱም አልደነበረም። ሲቀርብ መካከለኛ ዕድሜ ያለው፣ ረጋ ያለ፣ መልከ መልካም ሰው ሆኖ አገኘችው፤ ዓይኑ ብቻ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያለቅሳል፣ በነጭ መሀረብ ይጠርገዋል። ስሙን እስኪነግራት አልጠበቀችም። ያ ሁሉ ቀን ስትለው የከረመችው ቃል አፏ ላይ ነበር።

"ደስታ ነዎት?" አለችው።

ሰውየው ቆመ። ፊቱ በሙሉ በራ። "ስሜ ሲጠራ እንዴት ደስ ይላል" አለ። "በዚህ አገር ሰው ስሜን አይጠራም።"

"መኪናው የት ቀረ? መሣሪያውስ?"

"በእግሬ ነው የምሄደው። መሣሪያ አያስፈልገኝም።"

"በኬላው በኩል ነው የመጡት?"

"በኬላው ገና አላለፍኩም" አለና በመሀረቡ ወደ ኋላው፣ ወደ መንጋው አመለከተ። "በዚህ በኩል ነው የመጣሁት።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ትርንጎ በአቋራጭ ወንዙን ተሻግሮ ይሆናል አለች፣ ዕቃው ከሾፌሩ ጋር ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል አለች፤ እንደዚህ ያሉ ሊቃውንት ጠባያቸው አይታወቅም አለች። እየመራች ወደ ቤት ስትወስደው ጋሽ ኦይቻ ዱላውንና ጆንያውን ይዞ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እንግዳውን ሰላም አላለውም፤ ቀና ብሎም አላየውም። ትርንጎን በክንዷ ይዞ ወደ ጎን አወጣት።

"የጠራሽው መጣ" አላት ቀስ ብሎ። "እንግዲህ አስተናግጂው። አታስቆጪው፣ አታመስግኚው፣ አትሸኚውም። ከዚህ እንዳይወጣ። የሚያልቀው እዚህ ይለቅ።"

"ጋሽ ኦይቻ፣ እነዚህ ጎሾች እኮ..."

"አውቃለሁ። አንቺ ለእነሱ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ለላሞቼ አለቅሳለሁ። መንገዱን ዘግተሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። ዝግ ይሁን።" ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ወደ ኬላው ወረደ።

እንግዳው ምግብ አልነካም። ውሃ ብቻ ነው የፈለገው፤ ባልዲውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ውስጡ ከትቶ ትንፋሽ ሳይቆርጥ ለረጅም ጊዜ ጠጣ፤ ድምፁን ትርንጎ ፋኖስ እየሞላች ጀርባዋን ሰጥታ ሰማችው፣ ዘወር ብላ ለማየት ግን አልፈለገችም። ከዚያ ወጥቶ ወደ መንጋው ገባ። ያለ ጠመንጃ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ የእመትን መንጋጋ ከፍቶ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ። እመት፣ ያቺ መኪና የምትገለብጥ አሮጊት፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆመችለት። በጆሮዋ የሆነ ነገር ሲላት አፉ ሲንቀሳቀስ ትርንጎ በመነጽር አየች። የእመትን ዕንባ በመሀረቡ ጠረገ፣ መሀረቡን አሸተተው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ ሌላዋ ሄደ። ሲመሽ የእመት ዓይን ደርቆ ነበር፤ የእሱ ግን እስከ አገጩ እየወረደ የኮቱን ደረት አርሶት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ በጣም ሲከብድ እንግዳው ላርፍ ብሎ ዕቃ ቤት ገባ፤ ከእሷ ክፍል የሚለየው አንድ ሳንቃ ነው። ትርንጎ ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ በጨለማው ውስጥ ተቀመጠች። ከሳንቃው ማዶ የአንድ ሰው ትንፋሽ ተሰማት፣ ዝግ ያለ፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ሌላ ከጎኑ። ከዚያ ሌላ፣ ወፍራም፣ ከሰፊ አፍንጫ የሚወጣ። ቆየት ብሎ ክፍሉ በትንፋሽ ሞላ፤ ሳንቃው ይሞቅ ጀመር፣ በስንጥቁ በኩል ያ ጣፋጭ ሽታ እየገፋ ገባ፤ በጨለማው ውስጥም ብዙ መንጋጋ፣ በዝግታ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ማመንዠክ ጀመረ። በዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ጆንያ አሞሌና ሁለት አካፋ ብቻ እንዳለ ታውቃለች። በጉልበቷ ተንበርክካ በስንጥቁ አየች። እንግዳው ጀርባውን ሰጥቷት ጆንያው ላይ ተቀምጧል፣ ኮቱን አውልቋል፣ ብቻውን ነው። ዝንብ አረፈበት። የጀርባው ቆዳ፣ ክንዱ ሳይንቀሳቀስ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ እርግፍግፍ ብሎ አባረረው።

ሰው ቆዳውን እንዲህ ማርገፍገፍ አይችልም። ይህን የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እሷም አወቀችው። ጫማዋን ይዛ በባዶ እግሯ እስከ በሩ ሄደች። ለመሮጥ ነበር። በሩን ስትከፍተው ግን ከዝናቡ ውስጥ ያ ድምፅ መጣላት፤ ከታመሙ ወዲህ ያልሰማችው፣ ሙሉ፣ ጤነኛ፣ የመንጋው ሁሉ ድምፅ። ሣሩ ይቀደዳል። ጥጃ ይጣራል፣ እናቱም ትመልስለታለች። ትርንጎ ደፍ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ተመልሳ ፋኖሱን ከፍ አደረገች።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳው ኮቱን ቆልፎ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠ። "ጨርሻለሁ" አለ። "ከመንጋሽ ላይ አንድ ጠብታ አልተውኩም። ሁሉንም ይዤ እሄዳለሁ። ግን ኬላው ያለ ደብዳቤ አያሳልፈኝም። አንቺ ነሽ የዘጋሽው። ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የዘጋ አላየሁም።"

ትርንጎ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "ባልጽፍልዎትስ?"

"እንግዲያው እቀመጣለሁ" አለ፣ ሳይቆጣ። "ከእነሱ ጋር።"

ከውጭ የሣሩ መቀደድ ቆመ።

ትርንጎ ወደ ሜዳው አየች። ጋሽ ኦይቻ ያላትን አስታወሰች፤ አሥራ አንዱን ከብት፣ አንድ በአንድ የሚጠራውን ስማቸውን አስታወሰች። ከዚያ ሐኪም ለራሱ የሚዋሸውን ሁሉ ለራሷ ዋሸች፤ ሰውየው ሊቅ ነው፣ የታመመ ሰው ነው፣ ዝናቡና ብቸኝነቱ ዓይኗን አታልሎታል፣ ጎሾቹ ድነዋል፣ የዳነ መንጋ ደግሞ ምን ያስተላልፋል። ወረቀት ስባ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደጻፈችው ጻፈች። "ለሚመለከተው ሁሉ። የዚህ ደብዳቤ ባለቤት ደስታ የተጠራበትን ሥራ በሚገባ አጠናቆ በመመለስ ላይ ስለሆነ በሚደርስበት ሁሉ እንዲገባና አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን።" ፈረመች። ማኅተሙን ተንፍሳበት መታችው። ሰውየው ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ አንዲት የዕንባ ጠብታ ማኅተሙ አጠገብ ወርዳ ቀለሙን ሳታበላሸው ወደ ወረቀቱ ገባች። ከዚያ በመንገዱ፣ በመካከሉ፣ ሳይቸኩል ሄደ።

ከሄደ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ሜዳው ጨሰ፣ ቆርቆሮው ሲሞቅ ተንጣጣ፣ እመት መንጋዋን እየመራች ወደ ውሃ ወረደች፤ ወፎቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በየጀርባው ላይ ቆመው ይንጫጩ ጀመር። መቶ ስምንት። ከአራቱ ጥጆች በቀር አንድም አልጎደለም። ትርንጎ ሦስት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሦስቱን አደንዝዛ አፋቸውን ከፍታ አየች፤ ምላሳቸው ሮዝ፣ ድዳቸው ንጹሕ ነበር። ልቧ ቀለላት፤ ከስንት ቀን በኋላ ዳቦ በልታ ጠገበች። ባትሪው ሲሞላ ሬዲዮውን ከፈተች፤ ቀኑ አልፏልና ተኳሾቹ ሳይነሡ፣ መንጋው ነፃ ነው ብላ ልታስነግር ነው።

"ዶክተር፣ በሕይወት አሉ" አለ ክፍያለው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። "አራት ቀን ብጣራ ብጣራ ዝም አሉኝ። ከከተማ ይቅርታ በሉልኝ ብለዋል። መኪናቸው ተነሣ ካልኩዎት በኋላ ከአስፋልቱ ሳይወጣ ተበላሽቶባቸው ተመልሰዋል።"

"የማን መኪና?"

"የዶክተር ደስታ ነዋ። ዛሬም ከተማ ናቸው፤ አሁን በስልክ አነጋግሬያቸዋለሁ። ጨዋ ሴትዮ ናቸው፣ በጣም አዝነዋል።"

ትርንጎ የሬዲዮውን መነጋገሪያ በሁለት እጇ ያዘችው። ከመጀመሪያው እያወቀች አላውቅም ያለችውን ነገር አሁን ሰው ነገራት። "ክፍያለው፣ ስማኝ" አለች፤ ድምፏ የራሷ አልመስል አላት። "ደብዳቤዬን ይዞ የመጣ ሰው ካለ አታሳልፈው። ደብዳቤው ተሰርዟል። ኬላውን ዝጋ፣ ሰው አስነሣ፣ ጋሽ ኦይቻን ጥራልኝ።"

"ጋሽ ኦይቻማ ከትናንት በስቲያ አዋረደን" አለ ክፍያለው እየሳቀ። "መንገዱ ላይ ተጋድሞ አይገባም፣ በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ ብሎ አስቸገረ። ማኅተም እያለ እንዴት ይሆናል ብለን አራት ሆነን አነሣነው። በዚያው ደብዳቤ አብሮ አለፈ፤ አሁን ታሞ ቤቱ ተኝቷል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። እርስዎ ግን ምንም አይስጉ ዶክተር፤ ደብዳቤ የጻፉለት ደስታ በሰላም ገብቷል፣ የመንደሩ ከብት ሁሉ በረቱን ጥሶ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የተቀበለው።"